አሮጌ ፕሮግራምን ወደ አዲስ ቋንቋ ማዛወር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የሱቅ፣ የመድኃኒት ቤትና የትምህርት ቤት ፕሮግራም ስጠግን ዓመታት ሆኑኝ። አብዛኛው ቪዥዋል ቤዚክ 6፣ ዴልፊ ወይም ፎክስፕሮ በሚባሉ የድሮ የፕሮግራም መጻፊያዎች የተሠራ ነው። ፒያሳ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ እነዚህኑ ነገሮች ነው። የወሎ ሰላምታ ደግሞ እንደምታውቁት አያልቅም። ደኅና ነህ፣ እንዴት ነህ፣ እናትህስ ስንባባል መልሱን ሳልሰጥ ታክሲው ይሞላል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ፕሮግራማችን እየሠራ ነው። ለምን እንነካዋለን?

ባትነኩትም ይሆናል። ይህን ስል የራሴን እንጀራ እየገፋሁ መሆኑ ይገባኛል።

ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ማይክሮሶፍት ለመጻፊያው ሲሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 አቁሟል። በእሱ የተሠሩ ፕሮግራሞች ግን ዊንዶውስ 11 ላይም ይነሳሉ። ዋና ዋናዎቹ ማስኬጃ ፋይሎች ከዊንዶውሱ ጋር አብረው ይመጣሉና።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ባንኮኒ ሥር አቧራ ለብሰው የተቀመጡት ኮምፒውተሮች ይህን አያውቁትም። እንግዲህ ወይ አዲስ ማሽን መግዛት ነው፣ ወይ በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም መጫን። ሊኑክስ የሚለው ቃል ከተነሳ ደግሞ ፕሮግራሙ እዚያ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን የቀረ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ካላችሁ ጉዳዩ ይብሳል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጭራሽ አይነሳም።

ሌላው የሠራው ሰው ነው። ስልኩን ያነሳል? ካነሳ፣ ማሽኑም ደህና ከሆነ፣ ባክአፕ ያዙና ተዉት።

ክሮስ ፕላትፎርም ማለት አንድ ፋይል ሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ክሮስ ፕላትፎርም የሚባለው ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ መሥራት የሚችል ነገር ነው። ፍሪ ፓስካል፣ ሲ ፕላስ ፕላስና ጎ ኮዱን ለየማሽኑ ለየብቻ ኮምፓይል ያደርጉታል፤ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ፋይል ይለውጡታል። ኮዱ አንድ ነው፣ የሚወጣው ፋይል ይለያያል። ጃቫና ዶት ኔት በመሃል አስተርጓሚ ማሽን ያስቀምጣሉ። ፓይተን ኮዱን እያነበበ ይሠራል። ኤሌክትሮን ደግሞ ሙሉ ብራውዘር ተሸክሞ ይመጣል። ሁሉም "የትም እሠራለሁ" ይላሉ። ፕሪንተር፣ ፎንትና የፋይል ስም ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ያነክሳሉ።

እሺ፣ የትኛውን ቋንቋ ልምረጥ?

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ማሽኑ ምን ያህል ያረጀ ነው? አሮጌው የተጻፈው በምንድን ነው? እኔ ነገ ብታመም ደሴ ውስጥ ማን ይከፍተዋል? ሦስተኛዋ ትበልጣለች።

አሮጌው በዴልፊ ከሆነ ብዙ አታስቡ። ላዛረስን ሞክሩ። ከፍሪ ፓስካል ጋር የሚሠራ ነጻ መሣሪያ ነው፤ ፎርሞቹንም ኮዱንም በአብዛኛው ይቀበላል። የተገዙ ተጨማሪ ኮምፖነንቶች ካሉበት እነሱ ላይ ትደክማላችሁ። ውጤቱ ቀላል ነው፣ ደካማ ማሽን ላይ ይፈጥናል። ችግሩ ሦስተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው፤ ፓስካል የሚችል ወጣት ማግኘት ከባድ ነው።

ቪዥዋል ቤዚክ 6 ከሆነ ወደ ቪቢ ዶት ኔት መሄድ የዘመድ ቤት መግባት ይመስላል። ስሙ ነው እንጂ ዝምድናው ሩቅ ነው። ኮዱን በራሱ ይቀይር የነበረው መሣሪያ ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2010 ጀምሮ ቀርቷል። ዊንዶውስ ፎርምስ የሚባለው የመስኮት መሥሪያው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2020 ቪዥዋል ቤዚክን እንደ ቋንቋ ከዚህ በላይ የማሳደግ ሐሳብ እንደሌለው ተናግሯል። ዶት ኔትን ከወደዳችሁ በሲ ሻርፕ ቋንቋና አቫሎኒያ በሚባለው የመስኮት መሥሪያ ሂዱ፤ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ማዊ የሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ግን ሊኑክስን በይፋ አይደግፍም። ይህን ሳያዩ ጀምረው ወር ሙሉ የለፉ ልጆች አውቃለሁ።

ጋምባስ የሚባልም አለ። ቪዥዋል ቤዚክን ይመስላል፣ ደስ ይላል። ቤቱ ግን ሊኑክስ ነው። ከአንድ ወጥመድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት ነው።

ጃቫ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አለ። ስዊንግ የሚባለው የመስኮት መሥሪያው መልኩ ያረጀ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አያምርም። ግን ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይነሳል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ልጅ ደግሞ ጃቫን ቢያንስ ለፈተና ብሎ ነካክቶታል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆች ቢያንስ ሲያዩት አይደነግጡም።

ፓይተን ለመጻፍ ፈጣን ነው። ለሱቅ ሥራ ፍጥነቱ ይበቃል። የሚያስቸግረው ለደንበኛ አንድ ፋይል አድርጎ መስጠት ላይ ነው። ሌላም አለ፦ ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራም። እዚህ አካባቢ ዊንዶውስ 7 ገና አልሞተም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ የማሽኑን ዓይነት ተመልከቱ።

ፍላተር ስልክንም ኮምፒውተርንም በአንድ ኮድ ለሚፈልግ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሥሪት 3 ዊንዶውስን፣ ማክንና ሊኑክስን በሙሉ ይደግፋል። ኤሌክትሮን ግን 2 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ አትጫኑ። አንድ የደረሰኝ መስኮት ለመክፈት ክሮሚየም የሚባለውን ብራውዘር ሙሉ ማስነሳት ዶሮ ለመሸከም አይሱዙ መከራየት ነው።

የኔ ነገር? ለራሴ ስጽፍ ላዛረስ ይስማማኛል። ለደንበኛ ስሠራ ብዙ ጊዜ ጃቫ እመርጣለሁ። ምክንያቱን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ ብታመምስ?

ዌብ ብናደርገውስ? ሁሉም ሰው ዌብ እያለ ነው።

መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ብራውዘር ካለ ማሽኑ ምንም ይሁን ምን ይከፈታል። ግን ሰርቨሩን ሩቅ አገር አታስቀምጡት። ኔትወርክ ሲጠፋ ገዢው ብሩን ይዞ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ሰርቨሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ አድርጉት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የዋይፋይ ራውተር፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ካሸሯ በላፕቶፕ፣ ባለቤቱ በስልኩ ይከፍታሉ። ሰርቨሩና ራውተሩ ዩፒኤስ ይኑራቸው፤ መብራቱን ታውቁታላችሁ።

ሶርስ ኮዱ የለንም። አለቀልን?

አብሽሩ። ሶርስ ኮድ ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው ጽሑፍ ነው። የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ሶርሱን ከፕሮግራመሩ አልተቀበለም። አንዳንዱ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከነኮምፒውተሩ ሄዶበታል። በፍላሽ የተረፈው ፕሮግራሙና ዳታው ብቻ የሆነ ሰው ብዙ ነው።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ሰው ስለ ጠፋው ኮድ ያለቅሳል፣ የተረፈውን ዳታ ግን አያየውም። ዳታው ካለ ዋናው አለ። የማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ የአክሰስ ኤምዲቢ ፋይል ከሆነ ያለ ፕሮግራሙም ይከፈታል። የሰንጠረዦቹን ስም፣ የዓምዶቹን ዓይነት፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ።

ቀሪው ሕግ ያለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ካሸሯ አጠገብ ወንበር ስቤ አንድ ቀን ሙሉ እቀመጣለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ ልጅቷ አንዳንድ ደረሰኝ ላይ ከደንበኛው ስም በፊት ነጥብ ስትጨምር አየሁ። "ይቺ ነጥብ ምንድን ናት እህቴ?" አልኳት። "የዱቤ ናት" አለችኝ። ፕሮግራሙ የዱቤ ቦታ የለውም። ስለዚህ ስሙ በነጥብ ከጀመረ ዱቤ ነው ብለው ተስማምተዋል። ማታ ማታ ነጥብ ያለባቸውን ለቅማ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ይህ በየትኛውም ሶርስ ኮድ ውስጥ አይገኝም። ኮዱ በእጄ ቢኖር ኖሮ እንዲያውም ነጥቧን አላያትም ነበር።

ከዜሮ እንጻፈው ወይስ ያለውን እንተርጉም?

ፕሮግራመር ሁሉ ከዜሮ መጻፍ ይወዳል። የሰው ኮድ ማንበብ የሰው ልብስ ማጠብ ነው። ግን አሮጌው ኮድ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ አስቀያሚ መስመር አንድ ቀን አንድ ሰው የጮኸበት ምክንያት አለው።

ኔትስኬፕ የዘመኑ ገናና ብራውዘር ነበር። አሮጌውን ኮድ ትቶ አዲስ ልሥራ አለ። ሥሪት 5ን ዘልሎ ሥሪት 6 እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ሲወጣ ገበያው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እጅ ገብቶ ነበር። እነሱ ያን ሁሉ ፕሮግራመር ይዘው ነው፤ እናንተ አንድ ሰው ናችሁ።

ከፍላችሁ አዛውሩ። መጀመሪያ ዳታውን። ቀጥሎ ሪፖርቶቹን፣ ምክንያቱም ሪፖርት ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ ቢሳሳት ዳታ አያበላሽም። መጨረሻ ላይ ሽያጩን። አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ይሥሩ። ካሸሮቹ ሁለት ጊዜ መመዝገብ ያስጠላቸዋል፣ ያጉረመርማሉ። ቡና ጋብዙና ለምኑ። ማታ ሁለቱ ድምሮች በሳንቲም ካልተስማሙ አትቀጥሉ። የሰኔ 30 ሂሳብ መዝጊያን ካላየ ደግሞ እኔ ተዛወረ አልለውም።

አዲሱ ላይ አማርኛው ለምን የተበላሸ እንግሊዝኛ ሆነ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው።

ቪዥዋል ቤዚክ 6 በ1998 ወጣ ብያለሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ፣ ውስጥ የገባው በሥሪት 3.0 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999። በአንድ ዓመት ተላለፉ። የያኔ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይሥሉ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛውን ኮድ ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው እንግዲህ የአበሻ ልብስ የለበሰ ፈረንጅ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት ልብሱ ይወልቃል።

ባለ 8 ቢት ፎንት ያለው 256 ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ለመቆጣጠሪያ የተያዘ አለ። የኛ ፊደላት ከነዲቃሎቻቸው፣ ከቁጥሮቹና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ከ300 ይበልጣሉ። አልበቃም። አንዳንዱ ፎንት ሠሪ ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው ፊደሉን ለብቻ፣ ምልክቱን ለብቻ አድርጎ አጣበቀው። ስለዚህ የአንዱ ፎንት መቀየሪያ ሠንጠረዥ ለሌላው አይሆንም። መጀመሪያ የፎንቱን ስም እወቁ።

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ዳታ ልቀይር ሐረጎን ወረድኩ። ሠንጠረዡን ደሴ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ስሞቹ በሙሉ ቆንጆ ሆነው ወጡ። ኩራት ተሰማኝ። ባለቤቱ፣ ሐጂ ነው የምላቸው፣ ስክሪኑ ላይ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና "ልጄ፣ ይህ ሰፈር የት ነው?" አሉ። የደሴ ደንበኞች አድራሻ ውስጥ ያለችው ቧንቧ ውሃ "በ፣ባዶ ሳጥን፣ ን፣ በ፣ ባዶ ሳጥን" ሆናለች። ቧ በሁለት ኮድ ነበር የተቀመጠችው። እኔ ደግሞ አንድ በአንድ እቀይራለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ረጅሙን ጥምረት መጀመሪያ ፈልግና ቀይር፣ ነጠላውን በኋላ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንኛውም ቅየራ የመጀመሪያ ፈተናዬ ቧንቧ ውሃ ናት። እሷ ካለፈች ጓ፣ ቋ፣ ኳና ሟን እጨምራለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቅልቅል ጽሑፍ ነው። የመድኃኒት ስም በእውነተኛ እንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ፎንት ተጽፎ፣ ሁለቱም አንድ ዓምድ ውስጥ ካሉ ዳታቤዙ አይለያቸውም። ሁሉን ከቀየራችሁ ፓራሲታሞል ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይሆናል። ዓምድ በዓምድ ሂዱ። የተቀላቀለውን ዓምድ በዓይን ከማየት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ከዩኒኮድ በኋላ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ፍለጋ። ሐሰን፣ ሀሰንና ሃሰን ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ሰይድና ሠይድም እንዲሁ። የሰውን ስም አትንኩ፣ እንዳስጻፈው ይቀመጥ። አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ ጨምሩ። እዚያ ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አውርዱ። ሀና ሃ፣ አና ኣ አንድ ድምፅ ስለሆኑ እነሱንም አንድ አድርጉ።

ጳጉሜን የት አገኛታለሁ?

አሮጌ ፕሮግራም ቀን የሚያስቀምጠው ከሁለት በአንዱ ነው፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ወይም እንደ ቀን። ጽሑፍ ከሆነ ተመስገን። የኛን ቀን በፈረንጅ የቀን ዓይነት ውስጥ ያስገባ ከሆነ ግን ተዘጋጁ። ጥቅምት 30 ሲጻፍ ወር 2፣ ቀን 30 ነው። ፌብሩዋሪ 30 የለምና አልቀበልም ይላል። ይህ ቢያንስ ይጮሃል።

ዝም የሚለው ይከፋል። ቪዥዋል ቤዚክ 5/13 ሲሰጡት 13ኛ ወር እንደሌለ ያያል፣ ሳይጠይቅ ይገለብጠውና ሜይ 13 ያደርገዋል። የጳጉሜን 5 ሽያጭ በአምስተኛው ወር ውስጥ ተሸጉጦ ታገኙታላችሁ፤ የጥር ሂሳብ ውስጥ። አንድ ሱቅ በየዓመቱ ጥር ላይ ገቢው ለምን ከፍ እንደሚል ሲገረም ኖሯል።

አዲሱ ላይ ዳታቤዙ የፈረንጁን ቀን ይያዝ፣ ስክሪኑ የኛን ያሳይ። ጃቫ ላይ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ጃቫስክሪፕትም በራሱ የቀን ማሳያ ያውቀዋል። ዶት ኔትና ፓይተን ከራሳቸው ጋር ይዘው አይመጡም፣ ግን መቀየሪያው ሃያ ምናምን መስመር ነው። ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። 2015 እንዲህ ነበር፤ ቀጣዩ 2019 ነው። ሰዓቱንም አትርሱ፤ ካሸሯ 2 ሰዓት ስትል ፈረንጁ 8 ይላል።

ቁጥሩስ? ሂሳቡ ያው አይደለም እንዴ?

ያው ይመስላል። አንድ ማለዳ ስልክ ተደወለልኝ፤ "ደረሰኝ አልቆርጥም ብሏል።" ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ኦቨርፍሎው ይላል። የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር 32,767። ሳየው ሳቅሁ፣ ሰልፍ የያዘው ሰው ግን አልሳቀም። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ውስጥ ኢንቲጀር የሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ባለ 16 ቢት ነው፤ ከ32,767 በላይ አይቆጥርም። ትልቅ ቁጥር ወደሚይዘው ሎንግ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሶርሱ ሲዲ ላይ ነበር።

ስትተረጉሙ ሌላም የምታገኙት አለ። የቪዥዋል ቤዚክ 6 እውነት ቁጥር ቢሆን 1 ሳይሆን ከዜሮ በታች 1 ነው። የራውንድ ትእዛዙ 2.5ን ወደ 2 ያጠጋዋል፤ ፓይተንም ሲ ሻርፕም እንዲሁ። የጃቫና የጃቫስክሪፕት ማዝ ራውንድ ግን 3 ይላሉ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስታሰሉ ይህ ልዩነት በሳንቲም ይጀምርና የወር ሪፖርት ላይ ብር ሆኖ ይመጣል።

ከረንሲ የሚባለው የብር ዓይነት በትክክል 4 የአሥርዮሽ ቤት ይይዛል። እሱን ወደ ተራ ባለነጥብ ቁጥር አትለውጡት። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናልና። ጃቫ ላይ ቢግ ዴሲማል፣ ፓይተንና ሲ ሻርፕ ላይ ዴሲማል አለላችሁ።

ዳታቤዙን ምን ላድርገው?

አንድ ማሽን ከሆነ ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ። አንድ ፋይል ነው፣ ነጻ ነው፣ ሁሉም ቋንቋ ያውቀዋል። ብዙ ማሽን ከሆነ ፖስትግሬስ የሚባለው። አክሰስን ተሰናበቱት። 2 ጊጋባይት ጣሪያው ነው፤ በኔትወርክ ተከፍቶ ሳለ መብራት ከሄደ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ዋይን ብንጠቀም ማዛወር ይቀራል?

አንዳንዴ አዎ። ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ ያስነሳል። የቪዥዋል ቤዚክ 6 ብዙ ፕሮግራሞች ይነሱበታል። የሚያስቸግሩት ሪፖርት ማተሚያዎቹና የአክሰስ ግንኙነቱ ናቸው። ግማሽ ቀን ሞክሩት። ከሠራ ጊዜ ገዝታችኋል።

ፕሪንተሩስ? ባለ ሪባኑ፣ የሚጮኸው?

እሱ ጀግና ነው፣ አትጣሉት። ሦስት ኮፒ በካርቦን የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ችግሩ አሮጌው ፕሮግራም በፓራለል ገመድ ቀጥታ ጥሬ ትእዛዝ ይልክለታል። አዲሱ ላፕቶፕ ያ ቀዳዳ የለውም። ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ጥሬ ትእዛዝ በዩኤስቢ ማሳለፍ ይቻላል፣ ግን የየራሱ መንገድ አለው። ያንን ክፍል ለብቻ ጻፉት። አማርኛ ለማተም ከፈለጋችሁ በሥዕል መላክ ነው፤ ፕሪንተሩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለምና። ቀስ ይላል፣ ይጮሃል፣ ያወጣል።

ከገቢዎች ጋር የተያያዘ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ካላችሁ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳትጠይቁ እንዳትነኩት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ቢተረጉምልንስ?

እኔም እጠቀምበታለሁ። መቶ መስመር ሰጥታችሁት በደቂቃ ሌላ ቋንቋ ያደርገዋል፣ ብዙውን ጊዜም ደህና አድርጎ። የማያውቀው ከስሙ በፊት ያለችውን ነጥብ ነው። ጳጉሜን ጥር ውስጥ እንደተሸጎጠችም አያውቅም። የተረጎመውን ባለፈው ዓመት በተቆረጡ ደረሰኞች ፈትኑት፤ አሮጌው ያወጣውን ድምር ያወጣል? የደንበኞቻችሁን ስምና ስልክ ግን አትስጡት።

ስንት ቀን ይፈጃል?

መስኮቶቹንና ሪፖርቶቹን ቁጠሩ። አንድ መደበኛ መስኮት ለእኔ ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ አንድ ሪፖርት አንድ ቀን። ከዚያ የፎንቱን ቅየራ ጨምሩ። ከዚያ የወጣውን በሁለት አባዙት፤ መብራት ይሄዳል፣ ለቅሶ ይኖራል፣ ባለቤቱም መሃል ላይ "እግረ መንገድህን ይቺን ብትጨምርልኝ" ማለቱ አይቀርም።

አሮጌውን ኮምፒውተር መቼ ልሽጠው?

ኮምፒውተሩን በፈለጋችሁ ጊዜ። ሃርድ ዲስኩን ግን ፍቱና አስቀሩ። ሐጂ ከተዛወርን በኋላ አሮጌውን ለዘመድ ልጅ ሊሰጡት ሲሉ ደረስኩና ዲስኩን ፈታሁት። በላስቲክ ጠቅልለው ከንግድ ፈቃዱ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። ስምንት ወር ቆይቶ አንድ ደንበኛ የድሮ ዱቤ ተከራከረ። ዲስኩን በዩኤስቢ ሰክተን አሮጌውን ዳታ ከፈትነው። ስሙ ከፊቱ ነጥብ አለበት።